የካራማራው ኮዳ

«‹የጦር ጓደኛቸውን በገዛ እጃቸው የቀበሩ› የምትለዋ ከስሙ ሥር ትግባ፤ ከዚያ የተወለደበትና ያረፈበት ዘመን፤ ከዚያ ‹ልጆቻቸው›። አለቀ።» ሊሊሳ ስልኩ ላይ የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበና ቀና አለ። «ድንጋይ ጠራቢው ዛሬ ከሰዓት ላክልኝ ብሎኛል፤ ለአርባው እንዲደርስ።»

እህቱ ዲንቄ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። አባታቸው ኢቲቻ ከሞቱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጠዋት የካ ሚካኤል ሄደው ሰልስቱን አውጥተው ተመልሰዋል፤ ግቢው ውስጥ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ለመንቀል ምሳ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ከእንጦጦ የሚወርደው የጥቅምት ብርድ በሸራው ሥር እየገባ የለቀስተኛውን እግር ይቆነጥጣል፤ ሰዉም ሐዘኑን ሳይረሳ ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል።

«ይገባዋል» አሉ የእድሩ ዳኛ አቶ ፈዬራ፣ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ሆነው። «ያኔ ኢቲቻ ባይመሰክር ኖሮ ለጓደኛው ለሚልኬሳ ድንኳን አንተክልም ነበር። ጠፋ ለተባለ ሰው ድንኳን አይተከልም። ‹ሞቷል፣ አይቻለሁ፣ ቀብሬዋለሁ› የሚል ሰው ሲገኝ ነው መርዶ የሚነገረው። ስንቷ እናት ያንን የሚላት አጥታ በር በሩን ስታይ ኖረች።»

«የእኔም እናት አንዷ ትሆን ነበር» አሉ ጋዲሴ።

ጋዲሴ የሚልኬሳ እህት ናቸው፤ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ከዚህ ቤት በላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ጋ ነው። ዲንቄ አፏን ስትፈታ ጀምሮ እንደ አባት እህት ቆጥራ «አዳዳ» ትላቸዋለች። ሦስቱንም ቀን ከዲንቄ ቀኝ አልተነሡም። አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር እጇን ይይዙና ያንኑ ይደግማሉ፦ «ኢቲቻ ወንድሜን አፈር አልብሶልኛል። እኔም ለእሱ ቆሜ አለበስኩት። ተመስገን ነው።» ለቀስተኛው ከንፈሩን ይመጥጣል። ዲንቄ አንገቷን ትደፋለች።

ከራሳቸው በላይ፣ ምስማር ላይ፣ ኢቲቻ ከዘመቻ ሲመለሱ ይዘውት የመጡት የወታደር ኮዳ ተሰቅሏል። ጨርቁ ካለቀ ቆይቷል፤ ቆርቆሮው ብቻ ነው የቀረው። በዚህ ቤት ማንም ውሃ ቀድቶበት አያውቅም። ሊሊሳ ልጅ ሳለ ለኳስ ጨዋታ ይዞት ሊወጣ ሲል የቀመሰውን ልምጭ ዛሬም በአራት እጥፍ አሳድጎ ያወራዋል። ጋዲሴ ሦስቱን ቀን ጀርባቸውን ያስደገፉት በዚያ ኮዳ ሥር ነው።

ዲንቄ እስካሁን አላለቀሰችም። ልቅሶ ቤት ውስጥ የማታለቅስ ልጅ ደግሞ ከሟቹ በላይ ታነጋግራለች። አንዷ «ደንዝዛ ነው» አለች፤ ሌላዋ «ያስታመመ ሰው እንባው አስቀድሞ ያልቃል» ብላ አስተዛዘነችላት። ጓዳ ሳህን የሚያጥቡት ሴቶች ያሉት ግን ከዚህ ይከፋል፤ እሷም ሰምታለች። አላገባች፣ አልወለደች፣ አርባ ሦስት ዓመቷን ከአባቷ ጋር አንድ ጣራ ሥር ጨርሳ፣ ቀን ትምህርት ቤት ማታ ቤት ስትል የኖረች ሴት፣ አሁን ካላለቀሰች መቼ ልታለቅስ ነው? ሐቁ ሌላ ነበር። ልቅሶው ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣና «በእጁ የቀበረ» የምትለዋን ሲሰማ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ሰው የሚያለቅስለትን ኢቲቻ እሷ አታውቀውም። እሷ የምታውቀውን ኢቲቻ ደግሞ ሌላ የሚያውቀው የለም። ቤቱ በሰው ተሞልቶ እሷ ብቻዋን ነበረች።

«ልላከው?» አለ ሊሊሳ።

* * *

ካራማራ የመሄዱ ሐሳብ የሊሊሳ ነበር። ሊሊሳ መኪና ይሸጣል፤ እጁ ላይ የገባውን ነገር ሁሉ ትልቅ ማድረግ ይወዳል። ባለፈው የካቲት «አባቴን የተዋጋበት ቦታ ሳላሳየው አይሞትም» ብሎ ከጓደኛው ሚኒባስ ተዋሰ። ኢቲቻ መጀመሪያ ጉልበታቸውን አመካኙ፤ ቀጥለው ሙቀቱን፤ ቀጥለው የአጥሩን መፍረስ። ነገሩን ጋዲሴ ሰሙና በነጋታው የገብስ ጩኮ በቅቤ ለውሰው፣ ለዓመት በዓል ያስቀመጡትን ነጠላ ለብሰው ከበር ቆሙ። «የወንድሜን መቃብር ሳላይ ልሞት ነው ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ ጉልበትም ሙቀትም ሰበብ ሊሆን አልቻለም።

ኢቲቻ ስለዚያ ጦርነት ብዙ አያወሩም ነበር። በስልሳ ዘጠኝ ከዚሁ ከየካ ገብሳቸውን ሳያጭዱ ከሚልኬሳ ጋር እንደተመለመሉ፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር እንደሠለጠኑ፣ በቀጣዩ ዓመት የካቲት ካራማራ ላይ እንደነበሩ ብቻ ይታወቃል። ልጆቹ ሲጠይቋቸው ደጃፍ ላይ ቆመው በምርኩዛቸው እንጦጦን ያሳዩ ነበር። «ካራማራም ይኸው ነው። ዛፉን ነቅላችሁ አስቡት።»

ሐረር አድረው ጠዋት ደረሱ። ነፋስ ነበር። ተራራው እውነትም ዛፉ የተነቀለለት እንጦጦ ይመስላል፤ ድንጋይና ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ወዲያ ጅግጅጋ ድረስ ሜዳ። የመታሰቢያውን ድንጋይ የሚጠብቀው ወታደር መታወቂያ ጠየቃቸው። ሊሊሳ «አባቴ እዚህ የተዋጋ ነው» ሲለው ወጣቱ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠ። ኢቲቻ ግራ እጃቸውን አነሡ፣ አወረዱ፣ ከዚያ በቀኝ መለሱ። ሊሊሳ «አባዬ ቀጥ በል፣ ድንጋዩ ጋ ጠጋ» እያለ ፎቶ አነሣቸው። ለቀብሩ በትልቁ የታተመው ፎቶ ያ ነው፤ ሰዉ «እንዴት ያለ ኩሩ ፊት ነው» ያለለት። ዲንቄ ግን ያንን ፊት ታውቀዋለች። ጥርስ ሊነቀልለት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

«ኢቲቻ፣ የቱ ጋ ነው?» አሉ ጋዲሴ።

ኢቲቻ ዳገቱን አዩ፤ መንገዱን አዩ። ከዚያ ምርኩዛቸውን አንሥተው አንዲት ግራር አመለከቱ፤ ከሥሯ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ።

ጋዲሴ ጫማቸውን አውልቀው ሄዱ። ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጠው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና በኦሮምኛ ያዋሩት ጀመር። እናታቸው እንደሞተች ነገሩት። ጥማድ በሬዎቹ ምን እንደሆኑ፣ ገብስ የሚዘራበት ማሳ ኮንዶሚኒየም እንደሆነ፣ እሳቸው አምስት ወልደው አንድ እንደቀበሩ፣ ለአንደኛው ልጅ ስሙን እንዳወጡለት ነገሩት። የአርባ ሰባት ዓመት ወሬ ነው፤ አላቻኮሉትም። ጩኮውን ቆርሰው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡለት። ሊሊሳ እንኳ የሚቀርጽበትን ስልክ አወረደ።

ኢቲቻ ከሚኒባሱ ጀርባ ሄደው ነበር። ዲንቄ አሟቸው መስሏት የውሃ ፕላስቲክ ይዛ ተከተለቻቸው። ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብለው አገኘቻቸው።

«አላውቃትም» አሉ።

«ማንን አባዬ?»

«ግራሯን። ያኔ እዚህ ዛፍ አልነበረም።» ፊታቸውን አላዞሩም። «አልቀበርኩትም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ትቼው ነው የሄድኩት። ታፋው ላይ ነበር የተመታው፤ ነፍሱ አለች፤ ያወራል። ወደ ግራ ተንቀሳቀሱ ተባልን። ‹ሲመሽ መጥቼ እሸከምሃለሁ› አልኩት። በሦስተኛው ቀን ነው የመጣሁት። ማንም አልነበረም። ሬሳ የሚሰበስቡ መኪናዎች አልፈዋል አሉኝ። የት እንዳደረጉት የሚያውቅ የለም።»

«ታዲያ ለምን ቀበርኩት አልክ?»

«እናቱ ጠየቀችኛ። ‹አየኸው ወይ? አለበስከው ወይ?› አለችኝ፤ ሽማግሌዎቹ ከኋላዋ ተደርድረው። አላየሁም ብል ድንኳን አይተክሉላትም። እስክትሞት ድረስ በር በሩን ልታይ ነው። አዎ አልኳት።»

ከግራሯ ሥር የጋዲሴ ድምፅ ይሰማል። ኢቲቻ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

* * *

«ዲንቄ! ልላከው ወይ?»

«አትላከው» አለች ዲንቄ።

አቶ ፈዬራ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ለምን?» አለ ሊሊሳ።

ዲንቄ ተነሣችና የጋዲሴን ክንድ ያዘች። «አዳዳ፣ አንዴ ወደ ጓዳ።» ሳህን የሚያጥቡትን ሴቶች ይቅርታ ብላ አስወጣች። በሩን ዘጋች። በሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተደገፈች። ነገሩን አለሳልሳ ለመጀመር ስትዘጋጅ ሁለት ወር ኖራለች፤ ሲደርስ ግን ያለሰለሰችው ሁሉ ጠፋባት።

«አባቴ ሚልኬሳን አልቀበረውም» አለች። «ቆስሎ ትቶት ነው የሄደው። በሕይወት ነበር። ሲመለስ አላገኘውም። ግራሯንም ዝም ብሎ ነው ያሳየዎት። እኔ ስሞት ንገሪያት ብሎኛል።»

ጋዲሴ አላለቀሱም፤ አልጮኹም። እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ፈልጎ ያዘ።

«እናቴ ስትሞት ምን እንዳለች ታውቂያለሽ?» አሉ በመጨረሻ። «‹ልጄ ሜዳ ላይ አልቀረም። ኢቲቻ አልብሶታል› ነው ያለችው። የመጨረሻ ቃሏ ነው።»

«አዳዳ፣ ገና አልጨረስኩም፣ የቀረ—»

«እኔም የማንም ያልሆነ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጩኮ ሳጎርስ ዋልኩ። እሱ እያወቀ ተወኝ።» በሩን ከፈቱ። «በቃኝ።»

የላስቲክ ጫማቸውን ከደጃፉ ክምር ውስጥ ፈልገው አጠለቁ። ማንንም ሳይሰናበቱ፣ ድንኳኑ ሳይነቀል፣ ዳገቱን ይዘው ሄዱ። የእድሩ ሰው ሁሉ አየ። ከሰልስት ምሳ ላይ ተነሥቶ መሄድ በዚህ ሰፈር ቀላል ነገር አይደለም፤ ለቀስተኛው ባዶ ቦታቸውን አይቶ ዲንቄን አየ።

ዲንቄ ጓዳ ጠርታ ስትነግረው የሊሊሳ ፊት ቀላ። «ማንን ጎዳ ዲንቄ? እሷ ተጽናንታ ነበር፤ እሱም አርፏል። እውነት እውነት ትያለሽ፣ ለማን ጠቀመ?»

እኔን ሰባት ወር ብቻዬን በላኝ ልትለው ፈለገች። ግን ሊሊሳ ሰባቱንም ወር በስልክ «አባዬ እንዴት ነው?» እያለ የጠየቀ ደህና ልጅ ነው፤ ከሩቅ መውደድ ይችልበታል። እሱም በአውራ ጣቱ የቀብሯን ዓረፍተ ነገር ከስልኩ አጠፋት። ከምሳ በኋላ ድንኳኑ ተነቀለ፤ ግቢው ውስጥ የምሰሶዎቹ ጉድጓዶች ቀሩ። ከመገናኛም ከሲኤምሲም የመጣው ዘመድ «እንመጣለን፣ አንጠፋም» ብሎ በየታክሲው ገባ። ሊሊሳም ሚስቱን ይዞ ሄደ።

* * *

በአራተኛው ቀን ስድስት ሰው መጣ። በአምስተኛው ሁለት። አንደኛው ሰው ቤቱን ተሳስቶ ነው የገባው፤ ከገባ አይቀር ብሎ ነፍስ ይማር አለ፣ ሻይ ጠጣ። ሁሉም «ጋዲሴስ?» ይላሉ። ዲንቄ «ትንሽ አሟቸዋል» ትላለች።

ግቢው ውስጥ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ናዝራዊት ጠዋት ጠዋት ወደ ቢሮዋ ከመሄዷ በፊት ብቅ ትላለች። «ፕሊስ ዲንቄ፣ ትንሽ ቅመሺ። እንዲህ ሆነሽ ስትረስ ይይዝሻል» ትላትና ዳቦውን በሳህን ሸፍና ትታላት ትሮጣለች። ከዚያ ቤቱ እስኪመሽ ዝም ይላል። ከላይ በመንገዱ ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጡ መኪናዎች ሙዚቃ እያስጮኹ ያልፋሉ። ኢቲቻ ያንን ሙዚቃ ሲሰሙ «ደግሞ ማንን ሊድሩ ነው?» ይሉ ነበር፤ በየቀኑ፣ ያንኑ ቀልድ። ዲንቄ ላለፉት ሰባት ወራት ስቃላቸው አታውቅም። አሁን መኪና ባለፈ ቁጥር ጆሮዋ ያንን ቀልድ ይጠብቃል።

እስካሁን አባቷ የበደሏት ይመስላት ነበር፤ አሁን እሷ የበደለቻቸው መስሎ ታያት። ከካራማራ ሲመለሱ አባቷን ተቆጣቻቸው። ዋሽተዋል ብላ አልነበረም። ምስጢሩን ለእሷ ብቻ ስለተዉላት ነው። ነሐሴ ላይ ልባቸው ደክሞ አልጋ ሲይዙ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ «ኮዳውን አውርጂልኝ» አሏት። አወረደችላቸው። ደረታቸው ላይ አስቀምጠው ቀሪውን ነገሯት።

«ስሄድ ይህን ሰጠሁት። ሙሉ ነበር። ስመለስ ቦታው ላይ ይህ ብቻ ነው የቀረው። ባዶውን።»

«ንገራት» አለቻቸው ዲንቄ። «አዳዳ እዚሁ ዳገቱ ላይ ናት። ልጥራት፣ አንተው ንገራት።»

«ፊቷን ማየት አልችልም። ስሞት አንቺ ንገሪያት።»

«ይህንንም ለእኔ!» ብላ ኮዳውን ነጥቃ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ስለ ክኒን፣ ስለ ሾርባ፣ ስለ ብርድ ልብስ ካልሆነ አላወሩም። እሷ አጠበቻቸው፣ አበላቻቸው፣ ደገፈቻቸው፤ አላናገረቻቸውም። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ልጅ ናት፣ እንዴት አስታመመች» ይላል። እሳቸውም አልለመኗትም። አንዳንዴ ብቻ ኮዳውን አይተው እሷን ያዩ ነበር። ጥቅምት ሲገባ፣ አንድ ጠዋት ሻይ ይዛ ስትገባ፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞሮ አገኘቻቸው።

በስድስተኛው ቀን ማንም አልመጣም። ዲንቄ ፍራሹ ላይ፣ ጋዲሴ ይቀመጡበት ከነበረው አጠገብ ተቀምጣ ዋለች። ቦታው ላይ መቀመጥ ግን አልቻለችም።

* * *

በሰባተኛው ቀን ጠዋት የአጥሩ በር ተንኳኳ። ሊሊሳ መስሏት ነበር። ጋዲሴ ነበሩ። እንደ ሌላው ጊዜ «ዲንቄ! ዲንቄ!» እያሉ አልገቡም፤ እስኪከፈትላቸው ቆሙ።

ገቡና የድሮ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ዲንቄ ዳቦና ሻይ አቀረበች። አልነኩትም። ዓይናቸው ሥር አብጧል። አቶ ፈዬራ ትናንት ቤታቸው ድረስ ሄደው «ኧረ ነገሩ ምንድን ነው?» እንዳሏቸው፣ እሳቸውም «የእኔና የሞተው ሰው ነው» ብለው እንደመለሷቸው ተናገሩ። ለሌላ ሰው አልነገሩም።

«የቀረ አለ ብለሽኝ ነበር» አሉ። «ጨርሺልኝ።»

ዲንቄ ተነሥታ ኮዳውን አወረደችና ሰጠቻቸው። ጋዲሴ ‹ምን ላድርገው?› እንደሚል ሰው ተቀበሏት።

«ሲሄድ ይህን ሰጠው። ሙሉውን። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ይህ ነው የቀረው። ባዶ ሆኖ።»

ጋዲሴ ኮዳውን ጭናቸው ላይ አደረጉት። አርባ ሰባት ዓመት ሲገቡና ሲወጡ ያዩት ዕቃ ነው፤ ከሥሩ ስንት ሰርግና ስንት ልቅሶ ተቀምጠዋል። አገላበጡት። የተጎዳውን ጎን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ፈስሶ ነው ወይስ ጠጥቶት?»

«ጠጥቶት ነው። አልፈሰሰም። ክዳኑ ተከድኖ ነበር አለኝ፣ ጥብቅ ብሎ። ለመክፈት እንኳ ቸግሮኝ ነበር ብሏል።»

የጋዲሴ እጅ ክዳኑ ላይ ቆመ።

«ተከድኖ?»

«አዎ።»

«እሱ ነው» አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነ፤ የትንሽ ልጅ። «ሚልኬሳ ዕቃ ከፍቶ አይተውም። እናቴ የወተቱን ቅል ክፍት ስትተው ከአልጋው ተነሥቶ መጥቶ ይከድን ነበር። ‹ይሄ ልጅ ሴት ሆኖ በተፈጠረ› ብላ ትስቅበት ነበር። እስኪዘምት ድረስ በዚህ ስንቀልድበት ነበር።» እያለቀሱ ነበር፤ ግን የሰልስቱ ዓይነት ልቅሶ አይደለም። «ጠጥቶ ከደነው። እጁ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ልቡም ቦታው ነበር። ውሃ አልጠማውም።»

«አልጠማውም» አለች ዲንቄ።

ውጭ አንድ መኪና ሙዚቃውን እያስጮኸ ወደ እንጦጦ አለፈ።

«ሦስት ቀን አሰብኩት» አሉ ጋዲሴ። «ያን ውሸታም። መቃብሩ ድረስ ሄጄ ልሰድበው ብዬ የካ ሚካኤል በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። ለእናቴ ስላለው አልተቆጣሁም። ለእናቴ እኔም እለው ነበር። እኔን ግን... እኔ እኮ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ሲመታ ምን አለ? ጠራኝ ወይ? እያልኩ። ‹ወዲያው ነው የሞተው› ይለኛል። ስንት ነገር ነበረው የሚነግረኝ። ይህን ክዳን እንኳ ሳይነግረኝ ሞተ።»

ኮዳውን ገልብጠው ወደ መሬት ዘቀዘቁት፤ ጠብ የሚል አልነበረም። ከዚያ አንድ ነገር የመጣላቸው መሰለ። ቀና አሉ።

«ኢቲቻስ? ውሃውን ለወንድሜ ከሰጠ እሱ ሦስት ቀን ምን ጠጣ?»

ነሐሴ ላይ አባቷ ኮዳውን ደረታቸው ላይ ይዘው ሲያዩዋት፣ የሚጠየቁ መስሏቸው ሲጠብቁ ዲንቄን ታያት። ሁለት ወር ሙሉ አልጋው አጠገብ ነበረች። አንድ ጥያቄ ነበር፤ እስኪጠየቁ ነበር የጠበቁት።

«አልጠየቅሁትም» አለች። «አዳዳ፣ አልጠየቅሁትም።»

ጋዲሴ አዩዋት። አላጽናኗትም፤ አይዞሽም አላሏት። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ኮዳውን ይዘው ጓዳ ገቡ። ዲንቄ የጀሪካን ክዳን ሲፈታ ሰማች። ቀጥሎ ውሃ በጠባቡ አፍ ወደ ቆርቆሮው ሲገባ ሰማች፤ መጀመሪያ ጮክ ብሎ፣ ከዚያ እየሞላ ሲሄድ እያነሰ፣ እያነሰ። በዚህ ቤት ያንን ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

ጋዲሴ ከጓዳ ሲመለሱ ክዳኑን እየጠመዘዙ ነበር። በነጠላቸው ጫፍ አጥብቀው ሌላ አንድ ጊዜ አዞሩት። ፍራሹ ላይ ወጥተው ቆሙና ኮዳውን ምስማሩ ላይ ሰቀሉት። ክብደቱ ምስማሩን ትንሽ ጎንበስ አደረገው፤ ያዘው ግን።

«የኢቲቻ ድንጋይ ላይ ስሙን ብቻ ጻፉ» አሉ። «ይሄም ባዶውን አይሰቀል።»

ከኮዳው ጎን አንድ ጠብታ ግድግዳውን ይዞ ወረደ። ዲንቄ እጇን ዘርግታ በመዳፏ ያዘችው፤ ያኔ ነው ያለቀሰችው።